ሰባት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎልደር፦ የፎክስፕሮ ጥገና ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሶማሌ ተራ ያለ አንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር ነው። ስደርስ ሦስት ደንበኞች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ካሸሯ «ሲስተም የለም» አለቻቸው። አንዱ ሜካኒክ ኩሽኔታውን ሳይገዛ ወጣ። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ እየጠበቀው እንደሆነ እየተናገረ ነበር የሄደው። እንዲህ ያለው ነገር በቀን ሁለት ሦስቴ ይደጋገማል አሉኝ።

ፕሮግራሙ በ1998 ዓ.ም. በቪዥዋል ፎክስፕሮ 9፣ በማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም መሥሪያ፣ የተሠራ ነው። ሽያጭ፣ ስቶር፣ ዱቤ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። የሠራው ልጅ ውጭ አገር ከሄደ ቆይቷል። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወንበር ስበው ሰጡኝና «ልጄ፣ ፕሮግራሙ አርጅቷል፣ ጣለው ይሉኛል። አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ሳላየው ምንም አልልም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተቀየረ? መጀመሪያ ሁሉም «ምንም» አሉ። ቆየት ብላ ሂሳብ ሠራተኛዋ አስታወሰች። ከአምስት ሳምንት በፊት አሮጌው ሰርቨር ተቃጥሎ አዲስ ተገዝቷል። አሮጌው ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ነበር፤ አዲሱ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ነው። የፕሮግራሙ ዳታ ያለበት ፎልደር እንዳለ ተገልብጦ፣ የሼሩ (ሰባቱ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚከፍቱት የጋራ ፎልደር) ስም ሳይቀየር፣ ሥራ ቀጠለ። ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር አልተነካም። እንግዲህ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም በአንድ ሳምንት ውስጥ አያረጅም። የቆመበት መሬት ነው የተቀየረው። ከዚህ ግምት ተነስቼ ልሥራ።

ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ምንም ሳልነካ ባክአፕ። ሰባቱም ኮምፒውተሮች ላይ ከፕሮግራሙ እንዲወጡ አደረግሁ። ሰርቨሩ ላይ የተከፈቱ ፋይሎችን ዝርዝር አየሁ። ሁሉም ወጥተናል ካሉ በኋላ እንኳ ከስቶር ኮምፒውተር አራት ፋይል ተከፍቶ ቀርቷል። ይህን ያዝኩት፤ በኋላ ይጠቅማል። እሱንም አስዘግቼ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ሁለተኛ ቅጂ ላፕቶፔ ላይ። ከዚህ በኋላ የምሞክረው ሁሉ ቅጂው ላይ ነው።

ሰኞ፣ ከሰዓት

ለሠራተኞቹ ነገሩን እንዲህ ነው ያስረዳኋቸው። ሰርቨር ስንል ሁለት ዓይነት አለ። እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ያለው፣ መዝገቡን የሚይዝ አንድ ጸሐፊ አለው፤ ሌሎቻችን «ይህን ጻፍልን» ብለን እንጠይቀዋለን። የእናንተ ግን ጸሐፊ የለውም። ሰርቨሩ ጠረጴዛ ብቻ ነው። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ሰባታችሁም እስክሪብቶ ይዛችሁ በየራሳችሁ እጅ ትጽፉበታላችሁ። አንዱ እየጻፈ እያለ መስመሩ ከተቋረጠ ግማሽ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ ይቀራል። የጀመረውን የሚጨርስለት ማንም የለም።

ካሸሯ «ታዲያ አሮጌው ሰርቨር ላይ እንዴት ሠራ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን እስከ ሐሙስ ድረስ አላገኘሁትም።

የስህተት መልዕክቶቹን ፎቶ አንስተው አስቀምጠውልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሁለት ዓይነት ናቸው። በብዛት የሚመጣው ስህተት 114 ነው፦ ኢንዴክሱ ከቴብሉ ጋር አይገጥምም። ቴብል መዝገቡ ራሱ ነው፣ ኢንዴክስ ደግሞ ቶሎ ለመፈለግ የሚረዳው ማውጫ። አልፎ አልፎ የሚመጣው፣ ዛሬም ሥራ ያስቆመው፣ ስህተት 2091 ነው፦ ቴብሉ ተበላሽቷል፣ ሳይጠገን አይከፈትም። ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ሲያክሟቸው ነበር። እኔ ለየብቻ ልያቸው ወሰንኩ።

ማክሰኞ

ቀኑ ሙሉ በአንድ ፋይል ላይ አለቀ። የሽያጭ ዝርዝሩን የያዘው ቴብል ነው የማይከፈተው።

የፎክስፕሮ ቴብል ግልጽ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ሄደር አለ፤ ስንት ሪከርድ (አንድ የመዝገብ መስመር) እንዳለ፣ እያንዳንዱ ስንት ባይት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ሪከርዶቹ በተርታ ይቀመጣሉ፣ ሁሉም እኩል ርዝመት። ስለዚህ ፋይሉ ትክክል መሆኑን በማባዛትና በመደመር ማወቅ ይቻላል።

የዚህኛው ሄደር 936 ባይት ነው። አንድ ሪከርድ 148 ባይት። ሄደሩ «161,204 ሪከርድ አለኝ» ይላል። 161,204 በ148 ሲባዛ፣ ሄደሩና መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት የመዝጊያ ባይት ሲደመሩ፣ 23,859,129 ይመጣል። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ግን 23,859,573 ባይት ነው። ልዩነቱ 444። 444 ለ148 ሲካፈል 3።

ሦስት ሽያጭ ተጽፏል፣ ቁጥሩ ግን ሄደሩ ላይ አልተጨመረም። ማለትም አንድ ኮምፒውተር ሪከርዶቹን ጽፎ፣ ቆጠራውን ሳያስተካክል ተቋርጧል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው አጥብቄ እነግራለሁ። ፎክስፕሮ ቴብሉን ሲከፍት የሚያደርገውን ምርመራ ማጥፋት ይቻላል። ሲጠፋ ስህተቱ ይሰወራል፣ ቴብሉም ይከፈታል። ሥራም የቀጠለ ይመስላል። ግን ሄደሩ አሁንም 161,204 ነው የሚያውቀው። ቀጣዩ አዲስ ሽያጭ የሚጻፈው እነዚያ ሦስቱ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ነው። ደርቦ ይጽፍባቸዋል፣ ለዘላለም ይጠፋሉ። ከኔ በፊት በዚህ መንገድ «ተጠግኖ» እንደነበር የደረሰኝ ቁጥሮች ክፍተት ያሳያል። ሂሳብ ሠራተኛዋ በወር መጨረሻ የማይገጥም ሂሳብ ይዛ እስከ ማታ ስትቀመጥ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የሷ ስህተት እንዳልሆነ ፊት ለፊት ነገርኳት።

ቅጂውን ባይት በባይት በሚያሳይ ኤዲተር ከፈትኩት። ከዜሮ ስንቆጥር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ያሉት አራት ባይቶች የሪከርድ ቁጥሩን ይይዛሉ፣ ትንሹ ወደፊት ነው። እንዲህ ይላሉ፦ 180፣ 117፣ 2፣ 0። 180፣ ሲደመር 117 ጊዜ 256፣ ሲደመር 2 ጊዜ 65,536፣ ልክ 161,204። የመጀመሪያዋን ባይት ብቻ ከ180 ወደ 183 ቀየርኳት። አስቀመጥኩ። ቴብሉን ከፈትኩ።

ተከፈተ። መጨረሻ ላይ ሦስት መስመር ብቅ አሉ፦ አንድ የዘይት ፊልትሮ፣ አራት ካንዴላ፣ አንድ የፊት ፍሬን ሸራ። ካሸሯ የደረሰኝ ጥራዟን አምጥታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከረች። ሦስቱም አሉ፣ ዋጋቸውም ልክ ነው። «ወንድሜ፣ እነዚህን እኮ ከደሞዜ ልከፍል ነበር» አለችኝ።

ኢንዴክሱን ደግሞ እንደ አዲስ ሠራሁት። ያለውን ኢንዴክስ በትዕዛዝ ማደስ ብቻ በቂ አይደለም፤ ማደሻው የሚነሳው ኢንዴክስ ፋይሉ ራሱ ውስጥ ከተጻፈው መረጃ ነው። ያ ከተበላሸ ብልሹውን ነው የሚያድሰው። የእያንዳንዱን ኢንዴክስ አሠራር ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ሁሉንም አጠፋሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ፈጠርኳቸው። እነዚህ ቴብሎች የዳታቤዝ ኮንቴይነር (ቴብሎችን አንድ ላይ የሚያስተሳስር ፋይል) ውስጥ ያልገቡ ነጻ ቴብሎች ስለሆኑ ቀላል ነበር። ኮንቴይነር ውስጥ ቢሆኑ በመካከላቸው ያለው ትስስር አብሮ ይጠፋል፣ እሱን ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ማታ 12 ሰዓት ላይ የተጠገነውን ቦታው መለስኩ።

ረቡዕ

በሽታውን ሳላገኝ ቁስሉን አሽጌያለሁና ዛሬ ምንጩን ፍለጋ። ሰኞ ያየሁት የስቶር ኮምፒውተር ከአእምሮዬ አልወጣም።

ስቶሩ ከጓሮ ነው፣ የቆርቆሮ ግድግዳ ያለው። ስቶር ኪፐሩ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ለባልስትራና ለጎማ ቦታ ለማስለቀቅ ብለው ጠረጴዛቸውን ወደ ጥጉ አዛውረዋል። የኔትወርክ ኬብሉ አልደረሰም። አንድ ሰው የዋይፋይ ዶንግል ሰክቶላቸው ሄደ። ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፕሮግራሙም ይከፈታል፣ ማንም ምንም አላለም።

ከዚያ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ 4,000 ፒንግ፣ ማለትም መስመሩን መፈተሻ አጭር መልዕክት፣ ላክሁ። 37ቱ ጠፉ። ከካሸሯ ኮምፒውተር በኬብል 4,000 ላክሁ፤ አንድም አልጠፋም።

ለዌብሳይት 37 ከ4,000 ምንም አይደለም፤ ገጹ ትንሽ ዘግይቶ ይከፈታል። ለቪዲዮም እንዲሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ዳታቤዝ ግን መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ተቋርጦ ፋይሉ በግድ ሲዘጋ፣ በዚያ ቅጽበት ይጻፍ የነበረው ግማሹ ይቀራል። ሪከርዱ ገብቶ ቆጠራው ሳይገባ ሲቀር ማክሰኞ ያየሁት ነው የሚሆነው። ስለዚህ በዚህ ላይ አልደራደርም፦ ፎክስፕሮም ሆነ እንደሱ ያለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ አክሰስ በዋይፋይ አይሠራም። አይሞከርም።

ስቶር ኪፐሩን «አባባ፣ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፣ ኬብል ሊሳብልዎ ይገባ ነበር» አልኳቸው። «እኔማ ሽቦ የሌለው ይሻላል ሲሉኝ አመንኩ» አሉኝ። የኔትወርክ ኬብሎቹ ሁሉ ከሚገናኙበት ስዊች እስከ ጥጉ 32 ሜትር ኬብል በፕላስቲክ ቱቦ አድርገን ሳብን። ዶንግሉን ነቅዬ ለጋሼ ሰጠኋቸው።

ከዚህ በኋላ ስህተት 2091 አልተመለሰም። ስህተት 114 ግን ረቡዕ ከሰዓት እንደገና መጣ፤ ሁሉም ኮምፒውተር ኬብል ላይ እያለ።

ሐሙስ

ሁለት በሽታ መሆኑ ተረጋገጠ።

መልሱ ያለው ዊንዶውስ ፋይል በኔትወርክ በሚያቀብልበት ቋንቋ ውስጥ ነው፤ ኤስኤምቢ ይባላል። አሮጌው ሰርቨር 2003 የሚያውቀው የመጀመሪያውን ስሪት ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ሁሉም ኮምፒውተር ከሱ ጋር ሲነጋገር ወደዚያ ይወርድ ነበር። አዲሱ በ3ኛው ነው የሚነጋገረው። አዲሱ ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱ ግን ከአንድ ብልሃት ይመጣል። ሰርቨሩ ለኮምፒውተሩ «ይህን ፋይል ለጊዜው አንተ ጋ ያዘው፣ ሌላ ሰው ሲፈልገው እጠራሃለሁ» ይለዋል። ይህ ሊዝ ይባላል። ከዚህ ሌላ ኮምፒውተሩ የፋይሉን መጠንና ሁኔታ በራሱ ያስታውሳል፣ ካልተነገረው በቀር እስከ 10 ሰከንድ ድረስ።

በጠረጴዛው ምሳሌ ስንሄድ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የመዝገቡን ገጽ ቅጂ ወደ ራሱ ዴስክ ይዞ ሄዷል። ለዎርድና ለኤክሴል ይህ ጸጋ ነው። ሰባት ሰው በሰከንድ ውስጥ ለሚጽፍበት ኢንዴክስ ግን መዝገቡ ላይ ያለው ብቻ ነው እውነት መሆን ያለበት።

በግምት ብቻ ሴቲንግ መቀየር አልወድም። አጭር የፎክስፕሮ ፕሮግራም ጻፍኩ። አራት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ የሙከራ ቴብል እያንዳንዳቸው 1,000 ሪከርድ ይጨምራሉ። ከዚያ ሁለት ቆጠራ፦ አንዱ ቴብሉን በተርታ፣ አንዱ በኢንዴክሱ በኩል። ሁለቱም 4,000 ማለት አለባቸው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ስድስት ጊዜ አሄድኩት። በአምስቱ ገጠመ። በአራተኛው ዙር ቴብሉ 4,000 አለ፣ ኢንዴክሱ 3,994። ስድስት ዕቃ ስቶር ውስጥ እያለ በፍለጋ አይገኝም ማለት ነው። ለካ «ዕቃው አለ፣ ሲስተሙ የለም ይላል» ሲሉኝ የነበረው ይህንን ነው።

መፍትሔ ብለው አንድ ባለሙያ የነገሯቸው ኤስኤምቢ 1ን እንደገና መክፈት ነበር። አልተቀበልኩም። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው በዚያ አሮጌ ስሪት ክፍተት ገብቶ ነው። ከዊንዶውስ 10 የ2017 መጸው ስሪት ጀምሮም በነባሪው አይጫንም። የአንድን ሱቅ ሽያጭ ለማዳን የሱቁን በር ክፍት ትቶ ማደር አይሆንም።

የተሻለ መንገድ አለ። ሰርቨር 2022 ላይ ለአንድ ሼር ብቻ፣ ሌላውን ሳይነኩ፣ የሊዝ አሠራሩን መዝጋት ይቻላል። በፓወርሼል (የዊንዶውስ የትዕዛዝ መጻፊያ) አንድ መስመር ነው፤ የሼሩን ሊዚንግ ሞድ «ምንም» ማድረግ። እንዲህ ሲደረግ ሼሩ በዚህ ነገር ልክ እንደ ድሮው ኤስኤምቢ 1 ይሆናል፣ ቋንቋው ግን አዲሱና የተጠበቀው ነው። የደብዳቤና የፎቶ ፎልደሮቹ በሌላ ሼር ስለሆኑ ፍጥነታቸው አልተነካም። ከዚህ ጋር በሰባቱም ኮምፒውተሮች ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ ሦስቱን የማስታወሻ ጊዜዎች ዜሮ አደረግሁ፦ የፋይል መረጃ፣ የፎልደር ዝርዝር፣ ያልተገኘ ፋይል።

ሁሉንም ሪስታርት አድርጌ ሙከራውን 20 ጊዜ አሄድኩት። 20ውም ዙር 4,000 እና 4,000።

ዋጋ ተከፍሎበታል፣ አልደብቅም። የወሩ የሽያጭ ሪፖርት በፊት በአንድ ደቂቃ ተኩል ይወጣ ነበር፤ አሁን አራት ደቂቃ ይወስዳል። ሂሳብ ሠራተኛዋን ጠየቅኋት። «አራት ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ብቻ ልክ ይሁን» አለች።

ዓርብ

ትናንሽ ነገሮች። አንቲቫይረሱ የዳታ ፎልደሩን በየጊዜው እንዳይፈትሽ ለየሁት። የኔትወርክ ካርዶቹ ኃይል ለመቆጠብ ራሳቸውን የሚያጠፉበትን ምልክት አነሳሁ። ጊዜያዊ ፋይሎች ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በየኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እንዲፈጠሩ አደረግሁ። ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው፣ ስዊቹ ግን ግድግዳው ላይ ነው የተሰካው። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ቆሞ ስዊቹ ይሞታል፤ ለመዝገቡ ልዩነት የለውም፣ መስመሩ ተቋርጧል። ስዊቹን ዩፒኤሱ ላይ ሰካሁት። ሦስት ኮምፒውተሮች አሁንም ያለ ዩፒኤስ ናቸው፤ ጋሼ ይገዛል ብለዋል።

ቅዳሜ፣ እስከ 6 ሰዓት

አንድ አዲስ ኮምፒውተር ላይ የደንበኞች ስም ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። ሠራተኞቹ ዳታው ተበላሸ ብለው ደንግጠዋል። አልተበላሸም። ፎክስፕሮ ዩኒኮድን፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ አያውቅም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ በዚህ ፕሮግራም ስሞቹ የተጻፉት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ አሮጌ ፎንት ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱን ከአሮጌው ኮምፒውተር ገልብጬ ጫንኩ፣ ስሞቹ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ቴብል ስትከፍቱ ፎክስፕሮ የኮድ ገጽ (የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስን ሰንጠረዥ) ልቀይር ቢላችሁ እንዳትፈቅዱ። ያኔ ነው በእውነት የሚበላሸው።

የፕሮግራሙን ኮድ ሳይ የሠራውን ልጅ አደነቅሁት። ቀኑን በቀን ፊልድ አልያዘም። ጥቅምት 30ን (ሁለተኛው ወር፣ ቀን 30) የፈረንጅ ካላንደር አይቀበልም፣ ጳጉሜንም አያውቅም። እሱ በጽሑፍ፣ ዓመት ቀድሞ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን አድርጎ ጽፎታል። በዚህ ቅደም ተከተል ጽሑፉ ራሱ በቀን ይሰለፋል። ያሰበበት ሰው ሥራ ነው።

ቀጣዩ ሳምንት

በየቀኑ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ ሁለት ነገር ይሠራል፦ ሙሉ ባክአፕ፣ ከዚያም የእያንዳንዱ ቴብል ሂሳብ። ሄደር፣ ሪከርድ በርዝመት፣ የፋይል መጠን። የማይገጥም ካለ ጠዋት ካሸሯ ሳትጀምር ይታወቃል።

ሰኞ፣ ማክሰኞ ልዩነት ዜሮ። ረቡዕ ከሰዓት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ማታ ልዩነት ዜሮ። ሐሙስ ዜሮ።

ዓርብ ጋሼ ጠሩኝ። «እንግዲህ ይቆይልኛል?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ማይክሮሶፍት ለፎክስፕሮ 9 ድጋፉን እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ጨርሷል፤ አንድ ቴብልም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ዳታው ወደ እውነተኛ ዳታቤዝ ሰርቨር መሄድ አለበት። ግን በድንጋጤ አይሆንም፣ በየቀኑ ሥራ እየቆመም አይሆንም። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ቴብል ተነስቶ፣ ስሞቹ ወደ ዩኒኮድ ተቀይረው፣ ሁለቱ ለሁለት ወር ጎን ለጎን ሄደው ነው የሚሆነው።

«የትኛውን ታስቀድማለህ?» አሉኝ።

«የዱቤ ደብተሩን» አልኳቸው። ትንሹ ቴብል ነው፣ 2,300 ሪከርድ፤ ሂሳብ ሠራተኛዋም እያንዳንዱን ስም በቃሏ ታውቀዋለች። ሰኞ ጠዋት እንጀምራለን።